አየር እስኪወጣ

አቶ ታረቀኝ ስልሳ አራት ዓመት ሲሞላቸው በሰው ፊት አግስተው አያውቁም ነበር። ነቀምቴ ገበያ አጠገብ ባለችው ጠባብ የስፌት ቤታቸው የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖረዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ማስነጠስ እንኳ ሲመጣባቸው ከመኪናው ተነሥተው፣ ደጅ ወጥተው፣ ለመንገደኛው ጀርባቸውን ሰጥተው ነው። አባታቸው ከጎጃም ወጥተው ወለጋ ሲቀሩ ይዘውት የመጡት ሀብት ጨዋነት ብቻ ነበርና፣ ልጅየው ምንም ሳያጎድሉ ወረሱት። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺወርቅ «የኔ ባል ሆድ ያለውም አይመስል» እያሉ ጎረቤት ያስቁ ነበር።

ሆድ እንዳላቸው የታወቀው በሁዳዴ፣ በአምስተኛው ሳምንት ነው። ያን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ሲሰፉ ዋሉና ቤታቸው ገብተው የባቄላ ንፍሮ ቀረበላቸው። ርቧቸው ስለነበር ከወትሮው አብዝተው በሉ፤ በላዩም ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጡበት። ብዙም ሳይቆይ ሆዳቸውን ቆረጣቸው። እንደ ልማዳቸው ለማንም ሳይናገሩ ጓዳ ገብተው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ወይዘሮ የሺወርቅ «ምነው ጠፋህ?» ብለው ሲገቡ ግን የባላቸው ሆድ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ አገኟቸው። ባጃጅ ተጠራ።

ሆስፒታል ያያቸው ዶክተር ጋሩማ የሚባል ወጣት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። ለወይዘሮ የሺወርቅ የጆንያ አፍ እንደሚያስር ሰው እጁን ጠምዘዝ አድርጎ አሳያቸው።

«ትልቁ አንጀታቸው ተጠማዟል፣ እማማ። የገባው አይወጣም፤ ደምም በደንብ አይደርሰውም። አሁኑኑ ነው የምንከፍተው።»

ከፈቱ፤ የተጎዳውን ቆርጠው ጤናማውን ከጤናማው ጋር ሰፉት። አቶ ታረቀኝ ስለዚህ ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁት «በምን ዓይነት ክር?» ብለው ነው።

ነገር ግን ይህን የጠየቁት በማግስቱ ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ዓይናቸውን ሲገልጡ በአፍንጫቸው ቀጭን ቱቦ ገብቷል፣ በክንዳቸው ግሉኮስ ይንጠባጠባል፣ ሆዳቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። አልጋቸው አጠገብ ባለው የእንጨት ወንበር ላይ ደግሞ ወይዘሮ የሺወርቅን ሲፈልጉ፣ ሊያዩት ያላሰቡትን ሰው አዩ። የኡኬው ኦቦ ባይሳ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይመለከቷቸዋል።

ኦቦ ባይሳ የአቶ ታረቀኝ ልጅ የሩት አማት ናቸው። የኦቦ ባይሳ ልጅ ኢቢሳ ሩትን ካገባ አራት ዓመት አልፎታል። በኡኬና በዙሪያዋ በከብት ሐኪምነት ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ጡረታውን ግን ሰዎቹም ከብቶቹም አልተቀበሉትም፤ ላም ያበጠችበት ሁሉ አሁንም የሚጠራው እሳቸውን ነው። ጮክ ብለው የሚስቁ፣ ሰው ሲያዝን አብረው የሚያለቅሱ፣ እሑድ የማይቀሩ ጴንጤ ናቸው። ከአቶ ታረቀኝ ጋር ግን ከሠርጉ ሳምንት ጀምሮ ሆድና ጀርባ ነበሩ። ተጣልተው አይደለም፤ ክፉ ቃልም አልተለዋወጡ። ሲገናኙ ይጨባበጣሉ፣ ስለ ዝናቡ ይነጋገራሉ፣ ይለያያሉ።

«አካም ጅርቱ፣ ሶዳ» አሉ ኦቦ ባይሳ። እንዴት ነዎት፣ አማቼ ማለታቸው ነው። «የሺወርቅ ሲያለቅሱ አድረው፣ ጉልበታቸውም አብጦ ነበር። ቤት ሄደው ይረፉ ብዬ ሸኘኋቸው። ሩት ወሯ ገብቷል፤ ኢቢሳ አርጆ ከተማ ብቻዋን ትቷት ሊመጣ አልቻለም። ደወለልኝ። በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣሁ።»

«ደከሙ፤ ለምን ተቸገሩ?» አሉ አቶ ታረቀኝ በደረቀ አፋቸው።

«አልተቸገርኩም። አሁን አይናገሩ፤ ይተኙ።»

ጠዋት ዶክተር ጋሩማ ለዙር ሲገባ ትእዛዙን በግልጽ ተናገረ። አንጀት ሲነካ ይደነግጣል፣ ሥራውን ያቆማል፤ እስኪነቃ ድረስ ምግብም ውሃም በአፍ አይገባም። መንቃቱ የሚታወቀው ደግሞ አየር ሲወጣ ነው።

«የምን አየር?» አሉ አቶ ታረቀኝ።

ዶክተሩ ነገራቸው። አቶ ታረቀኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ከዚያ በኋላ የዚያ ክፍል ኑሮ በዚህ አንድ ጥያቄ ላይ ቆመ። ነርሷ ሲስተር ኡርጂ በገባች ቁጥር ገና ከበሩ ላይ «አባባ፣ አየር ወጣ?» ትላለች፤ ድምፅዋ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን የተወሰደ ነው። ከጎናቸው የተኛው ባቻ የሚባል፣ ባጃጅ ተገልብጦበት እግሩ በጀሶ የታሰረ ሹፌር «ገና ነው ሲስተር» ብሎ ይመልስላቸዋል። ባዶ ሽንት መሽኛ ይዛ የምታልፈው የጽዳት ሠራተኛ ሳትቀር ራሷን ትነቀንቃለች። አቶ ታረቀኝ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ሞት ይሻል ነበር እያሉ ያስባሉ።

በሁለተኛው ቀን ረሃቡ መጣ። የባቻ እህት ጨጨብሳ በቅቤ ይዛለት መጣች፤ ክፍሉ በቅቤው ሽታ ተሞላ። አቶ ታረቀኝ ጾመኛ ናቸው፤ እንኳን ታመው በጤናቸውም ቢሆን ቅቤውን አይነኩትም ነበር። ሆኖም ባቻ ሲያላምጥ የእሳቸውም መንጋጋ አብሮ መንቀሳቀሱን ኦቦ ባይሳ አዩ። አይተው አልሳቁም። ወንበራቸውን አዙረው በሰውነታቸው ጋረዷቸውና ወሬ ጀመሩ።

«ላም ሳሩን ስትግጥ አላምጣ አይደለም የምትውጠው፤ ያውቃሉ? እንዳለ ትሰለቅጠዋለች። መጀመሪያ የሚገባበት ጨጓራዋ እኔን ኩርምት አድርጎ ይይዛል፤ ያን ያህል ትልቅ ነው። እዚያ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት አሉ። ሳሩን እነሱ ናቸው የሚያብላሉት፣ የሚያላሙት። ከዚያ ጥላ ሥር ትተኛለች፤ የዋጠችውን መልሳ ወደ አፏ ታመጣለች፤ ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ በደንብ የምታላምጠው። ስታመሰኳ አይተው ያውቃሉ? እንደዚያ ያለ ሰላም ሰው ፊት ላይ አላየሁም።»

«እኛ ቤት ላም አልነበረም» አሉ አቶ ታረቀኝ።

«ብትታመም መጀመሪያ የምታቆመው ማመስኳት ነው። አርሶ አደሩ ሲጠራኝ ትኩሳቷን ከመለካቴ በፊት አጠገቧ ሄጄ ቆሜ ጡጫዬን በግራ ጎኗ፣ ከጎድን አጥንቷ ኋላ በምትጎደጉደው ቦታ ላይ አሳርፋለሁ። ደህና ከሆነች በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨጓራዋ ጡጫዬን ይገፋዋል። ጆሮም አስጠጋለሁ። ከሩቅ የሚመጣ ነጎድጓድ ይመስላል። ዝም ካለ ነው የምፈራው።»

አቶ ታረቀኝ ዓይናቸውን ሳያነሡ «የእኔስ?» አሉ።

ኦቦ ባይሳ ይህን ሲጠብቁ የቆዩ ይመስል ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። «ከፈቀዱልኝ» አሉ። ከፋሻው ጎን ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው፣ የሸበተ ጭንቅላታቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጆሯቸውን በአማቻቸው ሆድ ላይ አሳረፉ። ባቻ ማላመጡን አቆመ። አቶ ታረቀኝን ከሕፃንነታቸው ወዲህ እንዲህ የቀረባቸው ወንድ አልነበረም፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ከአንገትጌው ሥር የተተረተረውን የኦቦ ባይሳን የሹራብ ስፌት አዩና፣ እሱን እያዩ ቆዩ።

«እህ?» አሉ በመጨረሻ።

«ገና ነው» አሉ ኦቦ ባይሳ ቀና ብለው። «ግን እንመለስበታለን።»

በሦስተኛው ቀን ዶክተር ጋሩማ ሆዳቸውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ አዳመጠ፤ ፊቱም ጠቆር አለ። እስከ ነገ ምንም ከሌለ የሆድ ራጅ እናነሣለን፣ ምናልባትም ዳግም ልንከፍት እንችላለን አለ። አሁን ግን ተነሥተው ይራመዱ፤ እግር ሲንቀሳቀስ አንጀትም ይንቀሳቀሳል።

ኦቦ ባይሳ በአንድ እጃቸው የግሉኮሱን መስቀያ እየገፉ፣ በሌላው አማቻቸውን በብብታቸው ደግፈው ኮሪደሩ ላይ ወጡ። አሥር እርምጃ ሄደው ይቆማሉ፤ ደግሞ አሥር።

«ፈረስና በቅሎም ሆዳቸውን ሲታመሙ እናራምዳቸዋለን» አሉ ኦቦ ባይሳ። «እነሱ ምስኪኖች ናቸው፤ ማስመለስ አይችሉም። የገባ ገባ ነው። አንድ ጊዜ አኖ በሚባል ቦታ አንዲት በቅሎ ልክ እንደ እርስዎ አንጀቷ ተጠማዞባት እስኪመሽ አብሬያት ተራመድኩ።»

«ዳነች?»

ኦቦ ባይሳ መዋሸት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ጥቂት ሄዱና «አልዳነችም» አሉ። ወዲያውም «ለእሷ የሚቆርጥና የሚሰፋ ሐኪም አልነበራትም፤ እርስዎ አለዎት» አሉ። ብብታቸውን የያዘው እጅ ግን ጠበቅ ሲል አቶ ታረቀኝ ተሰማቸው። ያን ጊዜ ገባቸው፤ ይህ ሰው ፈርቷል። ስለ እሳቸው ፈርቷል።

መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ውጭ ሴቶች ልብስ አጥበው ሣሩ ላይ ያሰጣሉ።

«ሶዳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አሉ ኦቦ ባይሳ። «ከሠርጉ በኋላ ኡኬ የጠራናችሁ ቀን፣ ባለቤቴ ወርቂቱ የሠራችውን በቅቤ የራሰ ጩምቦ ለምን ሳይነኩ ቀሩ? ከሌሊት ጀምራ ነበር የጋገረችው፤ ቅቤውንም ከእናቷ ቤት ነው ያስመጣችው። እርስዎ ‹ጠግቤያለሁ› ብለው ውሃ ብቻ ጠጥተው ሄዱ። ማታ አልቅሳ ነበር።»

አቶ ታረቀኝ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ረቡዕ ነበር» አሉ።

«እንዴት?»

«ቀኑ ረቡዕ ነበር። ጾም ነው። ቅቤ አልበላም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም? ሽሮ ጠፍቶ ነው?»

«ያን ያህል ደክማ፣ በደስታ እየሳቀች አቀረበችው። ጾም ነው ብላት ጥፋቱን በሷ ላይ የማደርግ መሰለኝ። እንግዳ ሆኜ ሄጄ የቤቱን እመቤት ማሳፈር ነውር ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«እኛ ደግሞ የጴንጤ ቤት እህል ተጸየፈ ብለን አራት ዓመት ሙሉ ቂም ቋጠርን» አሉ ኦቦ ባይሳ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ በኋላ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። አቶ ታረቀኝም ሳቁ መጣባቸውና ቁስሉ ስለሚያማቸው ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው «እባክዎ፣ አያስቁኝ፤ ስፌቱ ይፈታል» እያሉ ለመኑ። እየሳቁም እንባቸው ወረደ። ሳቁ ያመጣው ይሁን ወርቂቱ ማልቀሷን መስማታቸው፣ እሳቸውም አልለዩትም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አቶ ታረቀኝ ሆዳቸው ውስጥ የሆነ ነገር ሲዞር ተሰምቷቸው ነቁ። ወደ ታች ወረደ፣ ቆመ፣ ደግሞ ወረደ። ምን እንደሆነ ወዲያው አወቁ። ክፍሉ ግን ሙሉ ነበር። ሲስተር ኡርጂ ባቻን መርፌ ትወጋለች፤ የባቻ እህት ቆማለች፤ ማዶ ባለው አልጋ የተኙት አዛውንት ሊጠይቃቸው ከመጣ ዘመዳቸው ጋር ይጫወታሉ። ስልሳ አራት ዓመት ያላደረጉትን ዛሬ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? ጥርሳቸውን ነክሰው፣ እግራቸውን አጣብቀው ያዙት። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ።

ኦቦ ባይሳ ወንበሩ ላይ አንገታቸውን ደፍተው እያንቀላፉ ነበር። ዓይናቸውን ሲገልጡ የአማቻቸውን ፊት አዩ፤ አንድም ቃል ሳይናገሩ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉ። ወዲያው ቀና አሉ፤ ዓይናቸው በርቷል።

«ሶዳ» አሉ በሹክሹክታ። «ውስጥ ወፍጮ ቤት ነው ያለው። ይዘውታል እንዴ?»

አቶ ታረቀኝ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሊገድልዎ ነው እኮ። ይልቀቁት።»

«ሰው አለ።»

«ሰውማ አራት ቀን ሙሉ ሲጠብቅዎት ነው የቆየው።»

«አልችልም፣ ባይሳ። አፈጣጠሬ ነው፤ አልችልም።»

«ኦቦ» ሳይሉ በስማቸው ብቻ ሲጠሯቸው ይህ የመጀመሪያው ነው። ኦቦ ባይሳ ቀጥ ብለው ቆሙ። ክፍሉን በዓይናቸው ዞሩት፤ ሰዎቹን ውጡ ማለት እንደማይቻል፣ ቢወጡም ደጅ ቆመው ጆሯቸውን እንደሚሰጡ ገባቸው። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው መዝፈን ጀመሩ።

ከብት ወደ ሆራው፣ ማለትም ጨው ወዳለው ምንጭ፣ ሲወርድ እረኞች የሚዘፍኑት ዘፈን ነበር፤ ጠጪ፣ ጥገቢ፣ ወተትሽ ይብዛ የሚል። የኦቦ ባይሳ ድምፅ ለዜማ የተሠራ አይደለም፤ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ለመጥራት የተሠራ ነው። መስኮቱ ነዘረ። ሲስተር ኡርጂ መርፌዋን እንደያዘች ዞረች፤ ዝም በሉ ልትል አፏን ከፈተች። ማዶ ያሉት አዛውንት ግን ቀድመዋት ተቀበሉ። ባቻም በጀሶው ላይ በእጁ እየመታ ገባበት፤ እህቱ አጨበጨበች። ወለጋ ያደገ ሁሉ ያንን ዘፈን ያውቀዋል። አቶ ታረቀኝም ያውቁታል፤ ልጅ ሆነው ከጎረቤት ልጆች ጋር ዘፍነውታል። ዘፈኑ ሞቀ፣ ከፍ አለ፣ ጣሪያውን ነካ።

ከሥሩ፣ ማንም ሳይሰማ፣ አቶ ታረቀኝ ለቀቁት።

ረጅም ነበር። ሲጨርሱ መላ አካላቸው ፍራሹ ውስጥ ሰመጠ። ጠብቆ የነበረው ሆድ ላላ፤ ትንፋሻቸው እስከ ታች ወረደ። እንዲህ ያለ ዕረፍት በሕይወታቸው ስንቴ እንዳገኙ ቢጠየቁ አንድም ጊዜ አያስታውሱም። ፊታቸው ኦቦ ባይሳ ካወሩላት፣ ጥላ ሥር ተኝታ ከምታመሰኳው ላም ፊት አይለይም ነበር።

ኦቦ ባይሳ መዝፈናቸውን አቁመው ጠየቋቸው፤ በዓይናቸው ብቻ። አቶ ታረቀኝ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሲስተር» አሉ ኦቦ ባይሳ፣ የዘፈኑ ድምፅ ገና ሳይለቃቸው፤ «ጻፊ። ወጥቷል።»

እንግዲህ ያ ሁሉ መሸፋፈን ለዚህ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ደስ አለው። ባቻ «እንኳን ደስ ያለዎት» አለ፣ ልጅ እንደተወለደላቸው ሁሉ። በዚያው ቅጽበት ወይዘሮ የሺወርቅ በር ላይ ደረሱ። ሲስተር ኡርጂ ስትነግራቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ እልልታቸውን እንደ ምንም ብለው ዋጡት። ኦቦ ባይሳ ኮሪደር ወጥተው ለኢቢሳ ደወሉ። ስልክ ላይ የሚናገሩት ድምፃቸው ያለ ስልክም አርጆ ድረስ እንዲሰማ አድርገው ስለሆነ፣ ነገሩን በኦሮምኛ ከነአኳኋኑ ሲያስረዱ አቶ ታረቀኝ እያንዳንዱን ቃል ከአልጋቸው ሆነው ሰሙ። ይሰማቸዋል ብለው የጠበቁት ሐፍረት ግን አልመጣም። ኦቦ ባይሳ ስልኩን ይዘው ወደ አልጋው ሲመለሱ ሩት ስልኩ ውስጥ ስትስቅ ሰሙ፤ ደስ አላቸው።

ቱቦው ወጣላቸው። በዶክተሩ ፈቃድ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ቀጭን ሻይ በማንኪያ ተሰጣቸው። ወይዘሮ የሺወርቅ ትራሱን ሲያስተካክሉላቸው ማንኪያውን ኦቦ ባይሳ ያዙት። የመጀመሪያው ሙቅና ጣፋጭ ማንኪያ ሻይ ምላሳቸው ላይ ሲደርስ አቶ ታረቀኝ አልዋጡትም፤ አፋቸው ውስጥ አቆዩት። ከዚያ በጉሮሯቸው፣ በደረታቸው፣ ወደ ታች ሲወርድ መንገዱን ሁሉ ተከተሉት።

«ደረሰ?» አሉ ኦቦ ባይሳ።

«ደረሰ።»

«ሌላ ትፈልጋለህ?»

«አንተ» መባላቸውን አቶ ታረቀኝ ልብ አሉት። «ጨምርልኝ» አሉ።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በፊት ብቻቸውን መራመድ ችለው ነበር። ዶክተሩም ወደ ቤት መግባታቸው መቃረቡን፣ ከእንግዲህ በአንድ ጊዜ አብዝተው ሳይሆን ጥቂት ጥቂት እየደጋገሙ መብላት እንዳለባቸው ነገራቸው። የንስሐ አባታቸውም የጾሙን ሰዓት ሳይጠብቁ እንዲበሉ በስልክ ፈቀዱላቸው። ሁለቱ አማቾች ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አግዳሚ ወንበር አግኝተው ተቀመጡ። ኦቦ ባይሳ ሩት ከወለደች በኋላ ስለሚደረገው ነገር ሲያወሩ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ዝም አሉ። አቶ ታረቀኝ ዞር ብለው ሲያዩዋቸው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አምስት ሌሊት በእንጨት ወንበር ላይ ነው ያሳለፉት። ጭንቅላታቸው ቀስ እያለ አዘነበለና በአቶ ታረቀኝ ትከሻ ላይ አረፈ።

ቁስሉ በዚያ በኩል ሳብ ያደርጋል። አቶ ታረቀኝ ግን አልተንቀሳቀሱም። ወይዘሮ የሺወርቅ በፔርሙስ የገብስ ሙቅ ይዘው ከበሩ ሲመጡ አዩና፣ ገና ከሩቅ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ በይ» አሉ። «ተኝቷል።»

ወይዘሮ የሺወርቅ በሌላው ጎናቸው ተቀመጡና ሙቁን በኩባያ ቀዱላቸው። አቶ ታረቀኝ በነፃው እጃቸው ተቀብለው፣ ትከሻቸውን ሳያነቃንቁ፣ በትንሽ በትንሹ ጠጡት።